ከሲግናል እስከ ሐዋሳ፦ ተራራ የወረዱ ከተሞች

በአገራችን ታሪክ «ዋና ከተማ» የሚባለው ነገር ለብዙ ዘመን ከድንጋይ ይልቅ ለድንኳን የቀረበ ነበር። ከጎንደር በፊት በነበሩት ዘመናት ንጉሡ ባረፈበት ዙሪያ ሠፈር ይበቅላል፤ ማገዶው ሲመናመን፣ ሣሩ ሲያልቅ፣ የባላገሩ ጎተራ ሲራቆት ሠፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንት ትርጉሙ የጦር ሠፈር ማለት ነው። ይህን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ብዙዎቹ የዛሬ ከተሞቻችን ለምን ከጋራ ላይ ተጀምረው ወደ ሜዳ እንደወረዱ አይገርመውም። ጋራው የወታደሩ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታይበታል። ጠላት የለም ሲባል ሰው ውኃና መንገድ ይፈልጋል፤ ይወርዳል።

እኔ የምኖረው ሲግናል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሲግናል የት ነው ቢባል ይስቃል፤ ለሌላው አንባቢ ግን ከቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ የእንጦጦ ጋራ እግሩን ከዘረጋበት ዘንድ ያለ ሠፈር ነው ልበል። ስሙ የወታደር ስም ነው፤ ከጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የቀረ። ከበራችን ወጥቶ ሽቅብ ያየ ሰው ባሕር ዛፍ የለበሰውን ጋራ ያያል፤ ቁልቁል ያየ ደግሞ ከተማውን። ዳግማዊ ምኒልክ የወረዱት ከዚሁ የጋራ ሰንሰለት ነው። ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው) ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ንጉሡ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የነገሡት ግን ገና እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ተራራ የሚለቀቀው በአንድ ቀን አይደለም። እንጦጦ ብርድ ነበር፤ ውኃ ነበር ችግሩ፤ እንጨቱ አልቆ ነበር። የማገዶው ጣጣ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎ ወርዶ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊነቀል እንዳልነበር፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው ያተረፈን። እኛ ሠፈር የቅጠል ሸክም ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ ከጋራው የሚወርዱ እናቶች ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከተማው ከወረደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ማገዶው ግን ከዚያው ከእንጦጦ ይወርድ ነበር።

ይህ ሁሉ የታወቀ ታሪክ ነው። ያን ያህል ያልተነገረው በደቡብም አንድ ዋና ከተማ እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ከተራራ መውረዱ ነው። ያንን መውረድ በመጽሐፍ ካነበብሁት ቆይቻለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ባለፈው ጥር፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጋችውን እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን በተከራየሁት ሚኒባስ ጭኜ ለሁለት ሌሊት ሐዋሳ በሄድሁ ጊዜ ነው።

ልጆቹ የሚሄዱት ጉማሬ ለማየት ነበር። ባለቤቴ ዕረፍት አምሯት ነው። እናቴ ግን «መሬታችንን» ለማየት ነው የመጣችው።

መሬታችን የምትለው የማናውቀውን መሬት ነው። የእናቴ አባት ወታደር ነበሩ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ሲቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙባቸዋል፤ ቦታ እየተሰጣቸው ከየአቅጣጫው መጡ። አያቴም አንድ ማታ ወደ ቤት ገብተው «ሲዳሞ፣ ሐይቅ ዳር መሬት ይሰጣል ተብሏል» ይላሉ። እናቴ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ምጣድ ዳር ተቀምጣ ሰምታለች። ሴት አያቴ የእንጀራውን አክንባሎ ሳያነሡ «እኔ ልጆቼን ለወባ አልሰጥም» ብለው ነገሩን እዚያው ቆረጡት። አያቴ ደግመው አልተከራከሩም። ግን እስኪሞቱ ድረስ ጠላ ሲቀምሱ «ያ የሐይቅ ዳር መሬቴ» ሳይሉ ያለፉበትን በዓል እናቴ አታስታውስም።

ሴት አያቴን ፈሪ ነበሩ የሚል ካለ የ1951 ዓ.ምን ነገር ያላወቀ ነው። ከ1950 ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሮች ድረስ ወባ ከቆላው ወጥቶ ወደ ደጋው ጠርዝ፣ በሽታውን ወደማያውቀው፣ ሰውነቱም ወደማይቋቋመው ሕዝብ ገባ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ ይባላል። አዝመራ የሚሰበስብ ሰው የጠፋበት መንደር ነበር። ሴት አያቴ በዚያ ወረርሽኝ ወንድማቸውን ቀብረዋል። እንግዲህ ሐዘኑ ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላው «ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ረግረግ አጠገብ ቤት እንሥራ» የሚል ባል ሲመጣ ምን ይበሉ?

መንግሥትም ቢሆን ሸለቆውን ደፍሮ ከተማ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በ1951 ዓ.ም.፣ የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሁሉ ዲዲቲ በጀርባቸው አዝለው ግድግዳ የሚረጩትን፣ በየበሩ በቀለም ቁጥር ጽፈው የሚሄዱትን ሰዎች ያስታውሳቸዋል። ጠፍ ይባል የነበረው ቆላ ድንገት የሚኖርበት መሬት ሆነ። የሚኖርበት ሲሆን ደግሞ የሚፈለግ ሆነ። የሐዋሳን መቆርቆር ስናነሣ ስለ ገዥዎቹ ብቻ እንናገራለን፤ ለእኔ ግን ያች የዲዲቲ ፓምፕም ከቆርቋሪዎቹ አንዷ ናት።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን አለፍን። ግድቡ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሐዋሳና ቆቃ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ልጆቼ ኢጣሊያ ለምን ካሣ እንደከፈለች ጠየቁኝና ከመቂ እስከ ዝዋይ ድረስ አስረዳኋቸው፤ ዝዋይ ላይ ዓሣ ሲያዩ ረሱት። ላንጋኖ ቡኒ ውኃው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ከዚያ አርሲ ነገሌ፣ ከዚያ ሻሸመኔ።

ሻሸመኔ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ፤ ስለ መሬት ነውና የምጽፈው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ ጥቁሮች፣ ከአሜሪካና ከካሪቢያን መጥተው እንዲሠፍሩበት 5 ጋሻ፣ ማለት ወደ 200 ሄክታር መሬት፣ እዚህ ሰጡ። የጃማይካ ሠፈር የሚባለው የዚያ ቅሪት ነው። ዛሬ ለቱሪስት ይታያል፤ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ የተቀባ አጥር፣ ከበሮ፣ የንጉሡ ሥዕል። ልጆቼ ፎቶግራፍ ተነሡ። እኔ ያሰብሁት ግን በዚያ ዘመን መሬት እንዴት ይሰጥ እንደነበር ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወረቀት ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታል፤ ሸለቆ ውስጥ ቃላድ ይጣላል። ቃላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩ፣ ለባለሥልጣኑ፣ ከባሕር ማዶ ለመጣው ወንድም፤ ሁሉም የሚሰጠው ከዚያችው ገመድ ነው። ገመዱ ሲዘረጋ ከሥሩ ማን እንደነበረ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ከሻሸመኔ ሐዋሳ ቅርብ ነው። ጥቁር ውኃን፣ ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ፣ ተሻግረን ገባን። ጨለለቃ አንድ ጊዜ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆኗል። የሐዋሳ ሐይቅ ነገር ይገርማል። ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ በሸለቆው ሕግ ጨዋማ መሆን ነበረበት። አቢጃታንና ሻላን ያየ ያውቀዋል። የሐዋሳ ውኃ ግን ጣፋጭ ነው፤ ከመሬት በታች የሚያሾልክበት መንገድ አለው ይላሉ ሊቃውንቱ። ሰዉ ከተማ የሠራው በዚህ ጣፋጭ ውኃ ዳር ነው።

እንግዲህ ወደ ተራራው ነገር ልመለስ። ሲዳሞ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ የገዥዎቹ መቀመጫ ሀገረ ሰላም ነበር። ሀገረ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ጉም የማይለየው ደጋ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ የዐድዋው ባልቻ፣ የተቀመጡት እዚያ ነው። በ1920 ዓ.ም. ከዚያ ተራራ ብዙ ሺሕ ወታደር አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ወርደው፣ ንፋስ ስልክ ከሠፈሩ በኋላ ራስ ተፈሪ ሠራዊቱን በብልሃት በትነውባቸው ሥልጣናቸውን ያጡበትን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲዳሞን ራስ ደስታ ዳምጠው ያዙ፤ በእሳቸው ዘመን መቀመጫው ወደ ይርጋዓለም ወረደ። ይርጋዓለም ወደ 1,770 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሺሕ ሜትር ቁልቁል ማለት ነው። ራስ ደስታ ግን ብዙ አልኖሩበትም፤ ኢጣሊያን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ።

ይርጋዓለም ከድል በኋላም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆኖ ኖረ። ጉድለቱ ከዋናው መንገድ ፈንጠር ማለቱ ነው፤ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚሄደው መኪና አፖስቶ ላይ ትቶት ያልፋል። ቡናው በመኪና ነው የሚሄደው፤ መኪናው የሚሄደው በሸለቆው ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መውረድ መጣ። ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስማቸው ከሐዋሳ ምሥረታ ጋር አብሮ ይነሣል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ጥቂት ቆይቶ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነትም ከይርጋዓለም ወደ እሷ ወረደ።

ስሞቹን ተመልከቱልኝ። «ሀገረ ሰላም»፣ «ይርጋ ዓለም»፤ ሁለቱም ምኞት ናቸው። አገሩ ሰላም ይሁን፣ ዓለም ይርጋ የሚል ሰው ገና ሰላምም እርጋታም ያላገኘ ሰው ነው። ሦስተኛው ግን የሲዳምኛ ስሙን ይዞ ቀረ፤ «ሐዋሳ» ሰፊ ማለት ነው። የሐይቁ ስም ስለሆነ ይመስለኛል የዳነው፤ ሐይቅ እንደ ጋራ በቀላሉ ስሙ አይለወጥም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ያለውን «ሐ» አማርኛችን ውጦት «አዋሳ» ስንል፣ ስንጽፍ፣ ካርታ ላይ ስናትም ኖረን፣ የተመለሰው በቅርቡ ነው። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ደግሞ ታቦር ተብሏል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ስም። የቦታው የቀድሞ ስም አዳሬ ነበር። ዛሬ አዳሬ የሚለውን ስም እንግዳ የሚያገኘው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።

ከተማዋ ታምራለች፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በመሐንዲስ እጅ የተቀደዱ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ መካከላቸው ዛፍ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ሐይቁ ድረስ የሚወስድ ጎዳና። ጠመዝማዛ ቀበሌ ውስጥ ላደግን የሲግናል ልጆች ቀጥ ያለ መንገድ ራሱ ሽርሽር ነው። እናቴ ግን በመስኮት እያየች «ይሄ ሁሉ ያን ጊዜ ጫካ ነበር አሉ» ትላለች፤ ደግሞ ዞር ብላ «የትኛው ይሆን የእኛ?» ትላለች። አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል አጠገብ ስንደርስ ይሄ ይሆናል ብላ ወሰነች። ልጄ «እማማ፣ እንግዲህ በነፃ እንደር?» አላት። በጣም ሳቀች።

በማግሥቱ ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ከሌሊት የጣሉትን መረብ እያራገፉ ቆሮሶውን ይገፍፋሉ፤ ጥሬውን በዳጣ የሚበላው እዚያው ቆሞ ይበላል፤ ሾርባው በትልቅ ድስት ይንተከተካል። አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው የዓሣ አንጀት ይጠባበቃሉ። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ጉማሬ ሊያዩ በጀልባ ገቡ። እኔና እናቴ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጠገባችን አንድ በትር የያዙ የሲዳማ ሽማግሌ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው ጀልባ ይቀዝፋል። እናቴ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ዝም ማለት አትችልም።

«ወንድሜ፣ እዚህ ያደጉ ነዎት?» አለች።

«እዚህ ነው እማማ። ያን ጊዜ ከተማ የለም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ከብት» አሉ። በበትራቸው ከሐይቁ ዳር ጀምረው እስከ ከተማው መካከል ድረስ አየር ላይ አንድ ትልቅ መስመር አሰመሩ። «ይሄ ሁሉ የከብት ነው። በበጋ ከላይ፣ ከደጋው፣ ከብት ይወርዳል። ውኃ ይጠጣል። ጨው አፈር አለ፣ ይልሳል። ሲዘንብ ይመለሳል። የአባቴም ከብት ነበረ።»

«በኋላስ?»

«በኋላ ሰዎች መጡ። ገመድ ይዘው። አባቴ ገመዱን ሲያይ በሬ ጠልፈው ሊያርዱ መስሎት ነበር።» ሳቁ። «እኔ ልጅ ነኝ፤ ሲለኩ እየተከተልሁ ችካል አቀብላቸው ነበር። ስሙኒ ሰጡኝ። አባቴ ማታ ገረፈኝ።»

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ጥቂት ቆይታ «የእኔም አባት እዚህ መሬት ሊሰጣቸው ነበር» አለች።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋት። ምን ይሉ ይሆን ብዬ እኔ ተሳቀቅሁ። «ለምን ሳይመጡ ቀሩ?» አሉ።

«ወባ ፈርተው።»

«ልክ ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። «ብዙዎቹን ጨርሷቸዋል።»

ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ስለ ጉልበት ሕመም ተጨዋወቱ፤ እናቴ ጤና አዳም በቅቤ አድርገው ይቀቡ ብላ አዘዘችላቸው።

የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ከተሞች ሲናገሩ «ተቆረቆረች» የሚል ቃል ይወዳሉ። እኔም ከላይ ተጠቅሜበታለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ነገር ግን የተቆረቆረ ከተማ ሲባል ከዚያ በፊት ባዶ ሜዳ ያለ ያስመስላል። ሐዋሳ ባዶ አልነበረችም፤ ሰዉ እንደ እኛ ዓመቱን ሙሉ ስላልተቀመጠባት ለአዲስ አበባ ጸሐፊ ባዶ መስላ ታይታለች እንጂ። በሲዳማ ሥርዓት የጎሣ የጋራ መሬት ዳናዋ ይባላል፤ ማን የቱን ያርሳል፣ ማን የቱን ያሰማራል የሚለው በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ የሚዳኝ ነው። የጋራ የሆነ ነገር ደግሞ ወረቀት የለውም። ወረቀት የሌለው ነገር ቃላድ ሲጣል «የመንግሥት መሬት» ይባላል። በበጋ ወርዶ በክረምት የሚወጣ ከብት ለመዝገብ አይመችም። ከሐይቁ ማዶ ያለው የምዕራቡ ዳርቻም የአርሲ ኦሮሞ ግጦሽ ነው፤ ሐይቁን በመካከል አድርጎ ሁለት ሕዝብ የሚያጠጣበት ውኃ ነበር።

ይህን ስል የሲግናል ነዋሪ ሆኜ ነው። እኔ የምኖርበት ክፍለ ከተማ የካ ይባላል። «የካ» ኤካ ከሚባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ስም የቀረ ነው፤ ጉለሌም እንዲሁ ነው። እንጦጦ ላይ የከተመው ሠራዊት ወደ ፍል ውኃው ሲወርድ እዚያም ውኃ የሚያጠጣ ከብት ነበር፤ ፊንፊኔ የሚል ስም ነበር። የእኛ ቤት የቆመበት መሬት ላይ ማን ገመድ እንደያዘ፣ ማን ችካል እንዳቀበለ የሚነግረን ሽማግሌ ግን የለንም። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ የሚለየው ወጣት በመሆኑ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ችካል ያቀበለው ልጅ ዛሬም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ይነግርሃል።

ሌላም አለ። አያቴ ያን መሬት ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፈን ነበር? እናቴ በሕልሟ የምትስለው ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ነው። ነገር ግን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመሥሪያውም ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር። የሻሸመኔው 5 ጋሻም ያን ጊዜ ሄደ። በገመድ የመጣው በአዋጅ ተወሰደ፤ ሲወሰድ ግን ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት ለነበሩት አልተመለሰም። በከተማው ክልል ውስጥ የቀረው መሬት ወደ መንግሥት ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ በላይ በላዩ አደገች። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ከሱ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፉበት ጀመር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሐዋሳን ዕጣ የወሰነው የማን ናት የሚለው ጥያቄ ነው። የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የከተማዋ አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ይወጣል የሚል ነገር ሲሰማ፣ በግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ከከተማው ጥግ ሎቄ ላይ ተኩስ ተከፍቶበት ሰው ሞተ። ሎቄ የሚለውን ስም ለሲዳማ ሰው ስትጠራለት ፊቱን አይተህ ታውቀዋለህ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 98 ከመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሲዳማ ክልል ይሁን አለ፤ በዚያው ዓመት ሆነ። ደቡብ የሚባለው ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ፈርሶ ቀሪው ለሌሎች ክልሎች ሲከፋፈል፣ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ብቻ ሆነች። የሽማግሌው አባት ከብት ያጠጡበት ዳርቻ ላይ፣ ጉዱማሌ በሚባለው ቦታ፣ በየዓመቱ ፍቼ ጫምባላላ ይከበራል፤ አያንቶዎቹ ኮከብ አይተው ቀኑን ይናገራሉ፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቅዳሜ ማታ በጉዱማሌ በኩል ስናልፍ በዓል አልነበረም፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ባለቤቴ ቬሎ ቆጥራ አሥራ አንድ አለች።

እሑድ ጠዋት እናቴ ገብርኤል ካልሳምሁ አልሄድም አለች። ከቅዳሴ በኋላ በጓሮ በኩል አንዲት እኩያዋ ከሚሆኑ ሴት ጋር ቆማ አገኘኋት። ተያይዘው ይስቃሉ፤ የድሮ ጎረቤት ያገኘች መስሎኝ ነበር። ለካስ ሴትዮዋ የጡረተኛ ወታደር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በ1950ዎቹ ከአዲስ አበባ ቦታ ተሰጥቷቸው ከመጡት አንዱ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ነበር የሚለው» አሉኝ እጄን ይዘው። «ምነው አዲስ አበባ በቀረሁ ይል ነበር። ብርድ አማረኝ ይል ነበር።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ስማ» አለችኝ፣ እኔ የካድሁ ይመስል።

ሦስት ወንድሞች ነበሯቸው፤ ሁለቱን በልጅነታቸው ወባ ወሰዳቸው። ቦታቸው ሰፊ ነበር፤ ሙዝና ፓፓያ ነበረበት። ከ1967 በኋላ ቤቷና ጥቂት ጓሮ ቀረች። ከፊቷ አሁን የሞባይል መሸጫ ሱቅ ተሠርቷል። «ኑ፣ እሷን ላሳያችሁ፤ ቡና አለ» አሉ። ሄድን። ጭቃ ቤት ናት፤ ቆርቆሮዋ ዝጓል፤ ከበሩ በላይ የወባ ማጥፊያዎቹ የጻፉት ቁጥር ቀለም ተቀብቶበት እንኳ በደብዛዛው ይነበባል። እናቴ ግድግዳውን በእጇ ነካ ነካ አደረገችና «እንግዲህ እንዲህ ነበር የምንኖረው» አለች።

«እንዲህ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፤ ረከቦቱን አቀረቡ።

ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ልጆች፣ አረብ አገር ስለሄደች የእህት ልጅ፣ ስለ ሁለቱም አባቶች ጠባይ ተጨዋወቱ። ልጆቹ ሰለቻቸውና ወጥተው ሚኒባሱ ውስጥ ተኙ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋ። ከሲግናል ሐዋሳ የመጣንበትን ያህል መንገድ ሽቅብ መውጣት ቀርቶን ነበር፤ እናቴ ግን በረካውን ጠጥታ ሳትጨርስ አልተነሣችም።